እሹሩሩ ያላስቆመው ለቅሶ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄ 5 ሳምንት ሆነው። ቀን ደህና ይውላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምርና እስከ 3፣ አንዳንዴም እስከ 4 ሰዓት ይጮኻል። ፊቱ ይቀላል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ፈሱ ይወጣል። ጡት ስሰጠው ይይዝና ይለቀዋል። የሚጠባው የእኔን ጡት ብቻ ነው። ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፣ አሁን 4 ኪሎ ገብቷል። አማቴ ጤና አዳም በውሃ እንስጠው ይላሉ። ጎረቤቴ ግግ ነው፣ አስወጪለት አለችኝ። ፋርማሲ ግራይፕ ዎተር ሸጡልኝ፣ ገና አልከፈትኩትም። ወተቴ አንሶት ይሆን? የዱቄት ወተት ልጀምር? ባለፈው ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ አልጋው ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሌላው ለነገ ቢያድር ችግር የለውም፤ ይሄኛው ግን ለዛሬ ማታ ያስፈልግሻል።

የደከመች እናት ነሽ፣ በቃ። ማታ ማታ የሚጮኽ ልጅ ያቀፈ ሰው አንድ ቀን እዚያ ጫፍ ላይ መድረሱ ያለ ነው። ብዙዎች አፍ አውጥተው አይናገሩትም እንጂ በር ዘግተን ስንጠይቃቸው ይነግሩናል። ስለዚህ ራስሽን መውቀሱን ተዪና ይህን ያዢልኝ። እንደዚያ ሲሰማሽ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኚው። ትራሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን ከፊቱ አካባቢ አንሺ። በሩን ገርበብ አድርገሽ ውጪ። ፊትሽን ታጠቢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ለእህትሽ ወይም ለጓደኛሽ ደውዪ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተሽ ተመልሰሽ እዪው። ለ10 ደቂቃ ብቻውን በማልቀሱ ምንም አይሆንም። ቢናጥ ግን ይሆናል። የሕፃን ጭንቅላት ለአካሉ ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠናም። ለጥቂት ሰከንድ እንኳ በኃይል ቢነቀነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ከዚያ የሚመጣው የዓይን መጥፋት፣ የሚጥል በሽታ፣ ሞትም ሊሆን ይችላል። ይህን ለባለቤትሽም፣ ልጁን ለሚይዝልሽ ሰው ሁሉም ሳታፍሪ ንገሪ።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። የጻፍሽልኝ ነገር ኮሊክ የምንለውን ይመስላል፤ ሰፈር ውስጥ ቁርጠት የሚሉት። በደንብ የሚጠባ፣ ኪሎ የሚጨምር፣ ቀን ደህና ውሎ አመሻሽ ላይ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ጤነኛ ልጅ ማለት ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ሞሪስ ዌሰል እ.ኤ.አ. በ1954 ያስቀመጠው መለኪያ ዛሬም ይጠቀሳል፦ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ማልቀስ። አሁን ሦስቱ ሳምንት እስኪሞላ የሚጠብቅ ሐኪም የለም። የእናት ሌሊት በሰዓት ብቻ አይለካማ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅምሽ የለቅሶውን ጊዜ ማወቅ ነው። የሕፃናት ለቅሶ 2 ሳምንት ገደማ ላይ መጨመር ይጀምራል። በ6 ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና በ3 ወይም በ4 ወር ይበርዳል። ኮሊክ የሌለበት ልጅም በዚሁ መንገድ ያልፋል፤ የእናንተ ልጅ ድምፁ ከፍ፣ ሰዓቱም ረዘም ያለ ነው። ልጅሽ ገና 5 ሳምንቱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ሊብስበት ይችላል። አስቀድሜ የምነግርሽ ሲብስበት ደንግጠሽ አዲስ ነገር ፍለጋ እንዳትሮጪ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የ45 ቀን ክትባቱ የሚደርሰው ልክ በዚያው ሳምንት ነው። «ከተከተበ ወዲህ ባሰበት» ብላ የሁለተኛውን ዙር የምታስቀር እናት ታጋጥመናለች። ለቅሶው ባይከተብም በዚያ ሳምንት ይጨምር ነበር። ክትባቱ ለአንድና ለሁለት ቀን ሊያነጫንጨው፣ ትንሽ ሊያተኩሰውም ይችላል። የሳምንታቱን ለቅሶ ያመጣው ግን እሱ አይደለም።

መነሻው ምንድን ነው ብትዪኝ፣ ሳይንስ እስካሁን አንድ የተረጋገጠ መልስ የለውም። አንጀቱ ገና እየለመደ ነው፣ ነርቮቹም ድምፁን፣ ብርሃኑን፣ የቀኑን ግርግር መሸከም ገና እየተማሩ ነው የሚሉ ማብራሪያዎች አሉ። ፈሱን በተመለከተ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። ሲያለቅስ አየር ይውጣል፣ የዋጠው አየር በታች ይወጣል። እግሩን መሰብሰቡና ፊቱ መቅላቱም ማንኛውም ሕፃን አምርሮ ሲያለቅስ የሚያደርገው ነው።

ወተትሽ አላነሰውም። በ5 ሳምንት 900 ግራም ጨምሯል። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረ ደስ ይለናል፤ የእናንተ ልክ መሃሉ ላይ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት ካራሰ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም። አመሻሽ ላይ ጡትሽ ለስለስ ማለቱ፣ እሱም ቶሎ ቶሎ መፈለጉ ያለ ነው። የዱቄት ወተት የሚጠጡ ልጆችም እኩል ኮሊክ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ብትቀይሪ የምታተርፊው ጡጦ መቀቀል፣ የቆርቆሮ ወተት ወጪና የራስሽ ወተት መቀነስ ነው። ይልቅ አንዱን ጡት በደንብ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አታዛውሪው። አፉ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ጥቁሩን አብዝቶ መያዙን እዪ። ከጠባ በኋላ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ጀርባውን መታ መታ እያደረግሽ አስገሺው።

አሁን ወደ ጤና አዳሙ። እውነቱን ለመናገር ከለቅሶው በላይ የሚያሳስበኝ ለለቅሶው ተብሎ አፉ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። ጤና አዳም ለቡና ነው፤ እዚያ ላይ እኔም እወደዋለሁ። ለሕፃን ግን መጠኑ የማይታወቅ፣ ሲበዛ ትልቅ ሰውንም የሚጎዳ ቅጠል ነው። ውሃው ራሱ ሌላ ችግር ነው። እስከ 6 ወር ንጹሕ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ትንሿን ሆዱን ይሞላና የጡቱን ቦታ ይወስዳል። ኩላሊቱ ገና ስለሆነ ውሃ ሲበዛበት በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀንስና እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል። የተቅማጥ ጀርም ሲጨመርበት ደግሞ አስቢው። ፌጦ፣ አብሽ፣ ስኳር በውሃ፣ ሁሉም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ቅቤ ማስዋጥም የዋዛ አይደለም፤ ወደ ሳንባው ከገባ ለከባድ የሳንባ ምች ይዳርገዋል።

ግግ ላይ አላለሳልስም። ግግ ማስወጣትም፣ እንጥል ማስቆረጥም በፍጹም አይደረግም። የልጁ ለቅሶ የሚመጣው ከድዱም ከእንጥሉም አይደለም። ምላጩ የሚያመጣው ግን ይታወቃል፦ መድማት፣ ቁስል ማመርቀዝ፣ ቴታነስ፣ ኤችአይቪ። በዚህ ዕድሜ ጉሮሮው ቆስሎ መጥባት ያቃተው ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ይደክማል።

«ታዲያ ለእከሊት ልጅ እንዴት ሠራ?» ትይኝ ይሆናል። ቀደም ሲል ያልኩሽን የለቅሶውን ጊዜ አስታውሺ። እናት ምርር ብሏት አዲስ ነገር የምትሞክረው ለቅሶው ጣሪያ በነካበት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ለቅሶው በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ምስጋናውን የሚወስደው በዚያ ሳምንት የተሰጠው ነገር ነው፤ ቅጠልም ይሁን ሽሮፕ፣ ጸበልም ይሁን ምላጭ። በየሰፈሩ አንዳንድ «ፍቱን» መድኃኒት የሚገኘው ለዚህ ነው። (ጸበሉን በግንባሩ ላይ ቀቡት እንጂ አታጠጡት፤ ሌላ የምለው የለኝም።)

ግራይፕ ዎተሩን አትክፈቺው። እ.ኤ.አ. በ1851 እንግሊዝ አገር ዊልያም ዉድዋርድ የሚባል ሰው የሠራው ሲሆን የመጀመሪያው ቅመም ውስጥ አልኮል ነበረበት። ልጆቹ ዝም ማለታቸው ብዙ አያስገርምም። ዛሬ የሚሸጠው ብዙው አልኮል የለበትም፤ ስኳርና የቅጠል ጭማቂ ነው። ለኮሊክ መሥራቱ ግን አልተረጋገጠም። ለጋዝ የሚሰጠው የሲሜቲኮን ጠብታም በጥናት ሲፈተሽ ከባዶ ጠብታ አልተሻለም። ላክቶባሲለስ ሮይተሪ የሚባል ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ጠብታ ጡት የሚጠቡ ልጆችን ለቅሶ በመጠኑ ሲቀንስ ታይቷል፤ አታገኚውም ብለሽ ግን አትጨነቂ፣ ያለ እሱም ያልፋል። በጥብቅ የምከለክልሽ ፕሮሜታዚንና ዳይሳይክሎሚንን ነው። የመጀመሪያው ለአለርጂና ለማስታወክ የሚሰጠው፣ እንቅልፍ የሚያመጣው ሽሮፕ ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል አይሰጥም። ሁለተኛው የቁርጠት መድኃኒት ነው፤ ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ በዚሁ ምክንያት የተከለከለ ነው። ፓራሲታሞልንም የማታ ማስተኛ አታድርጊው፤ ትኩሳቱን ደብቆ ያሳስትሻል።

አማትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፣ ማሸነፍም አያስፈልግሽም። ክፋት የላቸውም፤ ልጁን ዝም ለማሰኘት አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋሉ። ሥራ ስጫቸው። ልጁን ደረታቸው ላይ አጋድመው እሹሩሩ ይበሉት፣ በሞቀ እጃቸው ጀርባውንና እግሩን ያሹት። ሆዱን የሚያሹት ከሆነ ለስለስ ባለ እጅ፣ ክብ እየሠሩ፣ ሳይጫኑ ይሁን። «ሐኪሙ በአፉ ምንም እንዳይገባ ብሏል» በይና ጥፋቱን በእኔ ላይ ጣዪው።

የአንቺን ምግብ በሚመለከት ሰው የሚከለክልሽ ብዙ ነው። ሽሮ ጋዝ ነው፣ ጎመን ጋዝ ነው፣ ባቄላ አይሞከርም። በሽሮሽ ምክንያት ልጁ የሚጮኽበት በቂ ማስረጃ የለም፤ አራስ ተርባ ግን አይሆንም። የቡላ ገንፎውን ብዪ፣ አጥሚቱን ጠጪ፣ ሽሮሽንም ብዪ። ቡናውን ብቻ በአንድ ሁለት ስኒ ወስኚው። ሲዳማ ውስጥ ተቀምጬ ይህን መጻፌ ለእኔም ቀላል አይደለም፤ ግን ካፌይኑ በወተትሽ ያልፍና በዚህ ዕድሜ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም። የላም ወተት የማይስማማቸው ጥቂት ልጆችም አሉ። እነሱ ላይ ግን ከለቅሶው ሌላ ምልክት ይታያል፦ ሰገራው ላይ ደም፣ የሚያሳክክ የቆዳ ቁስል፣ የበዛ ማስታወክ። እነዚህ ካሉ ወተትና ቅቤ ለ2 እስከ 4 ሳምንት ትተሽ ትሞክሪያለሽ፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግረሽ።

ማታ ምን ላድርግ? 12 ሰዓት እስኪሆን አትጠብቂ፣ 11 ሰዓት ላይ ጀምሪ። ቤቱን እዪው እስቲ። የአራስ ቤት ነው፤ ጠያቂ ገብቶ ወጥቶ፣ ልጁ ከእጅ እጅ ሲዞር ውሎ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ መስኮቱ «ብርድ እንዳይመታው» ተዘግቶ። ልጁ ደግሞ በዚህ በሐዋሳ ሙቀት ካፖርት፣ ኮፍያ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር። ከሰሉን አውጪ፤ ጭሱ ሳንባውን ይጎዳል፣ በተዘጋ ቤት ደግሞ ሁላችሁንም ሊገድል ይችላል። መስኮት ክፈቺ፣ መብራቱን ቀንሺ፣ አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ብቻ ጨምረሽ አልብሺው። ጠያቂ ከ11 ሰዓት በኋላ አይምጣ። ይሉኝታ ይዞሽ ከሆነ ባለቤትሽ በር ላይ ይቁምና ይመልስ።

ከዚያ ማቀፍ ነው። ክንድሽ ላይ በሆዱ አስተኝተሽ፣ ጭንቅላቱ ክርንሽ ጋ፣ እግሮቹ በእጅሽ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው፣ ቤት ውስጥ ቀስ እያልሽ ተራመጂ። ብዙ ልጆች ይህን ይወዱታል። ሲተኛ ግን ሁልጊዜ በጀርባው ነው። ቆዳው ከቆዳሽ ጋር እንዲነካካ ደረትሽ ላይ ማድረግ፣ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ዝቅ ያለ የማይቋረጥ ድምፅ ማሰማት፣ ለምሳሌ ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ራቅ አድርጎ መክፈት፣ ሁሉም ይሞከራሉ። አንዱን ጀምረሽ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆዪበት። በየደቂቃው ሲቀያየርበት የባሰ ይነሳበታል። የሚሠራው ነገር ዛሬ ሠርቶ ነገ ላይሠራ ይችላል። ምንም የማይሠራበት ምሽትም አለ። ያኔ ሥራሽ አብረሽው መቆየት ብቻ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ይዘሽው ወጣ ማለት ለሁለታችሁም ጥሩ ነው፤ ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ከመሸ ሐይቁ ዳር ቢምቢ አለ፣ ወባም የዚህ አገር እንግዳ አይደለችም። ቤትም አጎበሩ ውስጥ ይተኛ።

ዛሬ ቀን ላይ፣ ብርሃን እያለ፣ አንድ ጊዜ ልብሱን ሙሉ በሙሉ አውልቀሽ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እዪው። የእግሩንና የእጁን ጣቶች አንድ በአንድ፣ መሃል መሃላቸውን ገልጠሽ ተመልከቺ። የካልሲ ክር ወይም የአንቺ የረገፈ ፀጉር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፤ ጣቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ልጁ ይጮኻል፣ ሰው «ቁርጠት» ይላል። ብልቱንም እንዲሁ። ብሽሽቱ ላይ ወይም የዘር ፍሬው ከረጢት ላይ ጠንካራ እብጠት ካለና ሲነካ የሚያምመው ከሆነ ለሰዓታት አይጠበቅም፤ አንጀት ተቀርቅሮ ወይም የዘር ፍሬው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። አፉን፣ ጆሮውን፣ ዓይኑንም እዪ። አንድ ዓይኑ ብቻ ቀልቶ የሚያነባ ከሆነ በራሱ ጥፍር ተጭሮ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ዘንድ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን የሚያስሮጡትን ልንገርሽ። ብብቱ ሲለካ 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ35.5 በታች ወርዶ ቢቀዘቅዝ። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት «ጥርስ ነው፣ ብርድ ነው» አይባልም፤ የደም ወይም የማጅራት ገትር ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ ለግራይፕ ዎተሩ ያወጣሽውን ያህል ጨምረሽ ግዢ፤ ብዙ ይጠቅምሻል። ጡት እምቢ ካለ ወይም መሳብ ካቃተው። ከለቅሶው ይልቅ ዝምታው ካስፈራሽ፣ ማለትም ዝልፍልፍ ካለ፣ ካልቀሰቀሱት የማይንቀሳቀስ ከሆነ። ካንቀጠቀጠው። የጭንቅላቱ እርግብግቢት ሳያለቅስ ካበጠ። ሳያለቅስ ተረጋግቶ እያለ በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ። ትንፋሹን ስትቆጥሪ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፣ ከበዛብሽ ድገሚው።

ትውከት ላይ ደግሞ ቀለሙን እዪ። ትንሽ ወተት ቢመልስ ምንም አይደለም። አረንጓዴ ካስመለሰ ግን አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ የለውም። ከጠባ በኋላ በየጊዜው እየተወነጨፈ የሚወጣ ትውከት፣ ወዲያው ተርቦ መልሶ ከፈለገና ኪሎው ከቆመ፣ የጨጓራው መውጫ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚታየው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው። ሰገራ ላይ ደም፣ የተነፋና የጠጠረ ሆድ፣ ከወትሮው የተለየ ቀጭን የሲቃ ጩኸት፣ ከወደቀ ወይም ከተመታ በኋላ የጀመረ ለቅሶ፣ ሁሉም ያስኬዳሉ። ዓይኑ እስካሁን ቢጫ ከሆነ ወይም ሰገራው እንደ ነጭ አፈር ከነጣ በማግስቱ ውሰጂው፤ ጉበቱ መታየት አለበት። ቀን ከሆነ የቀበሌሽ ጤና ጣቢያ ይጀምርልሻል። ሌሊት ከሆነ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ሁላችንም ሪፈራል የምንለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። «ጠዋት እናየዋለን» አትበዪ።

ከእነዚህ ሁሉ ውጪ አንድ መስፈርት አለ፣ እሱም የአንቺ ስሜት ነው። «ይህ ለቅሶ የልጄ ለቅሶ አይመስልም» ካልሽ ነይ። ደህና ነው ብለን ብንመልስሽ ማንም አይስቅብሽም።

ባለቤትሽን በጥያቄሽ ውስጥ አልጠቀስሽውም፣ እኔ ግን አልዘለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ለቅሶው ጣሪያ የሚነካው በ6ኛው ሳምንት ነውና ፈቃዱ ለዚህ አልተሰላም። ስለዚህ ራሳችሁ አስሉት። እሱ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይያዘው፤ አንቺ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል፣ ሌላ ክፍል ከሌለም ጎረቤት ቤት ሄደሽ ተኚ። ጡት ለመስጠት ብቻ ይጥሩሽ። ምግብ ላምጣልሽ የሚል ዘመድ ካለ ምግቡን ተቀበዪ፣ አንድ ሰዓት ልጁን እንዲይዝልሽም ጠይቂው።

የአንቺም ጤና ከዚሁ ጋር ይታይ። ሐዘኑ፣ ለቅሶው፣ ተስፋ መቁረጡ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየብሽ፣ ልጁ ተኝቶ እያለ እንኳ መተኛት ካቃተሽ፣ ይህ ድካም ብቻ ላይሆን ይችላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት አለ፣ ይታከማል፣ ጡት እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለው። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ደጋግሞ ከመጣብሽ ልጁን ለሰው ሰጥተሽ በዚያው ቀን ነይ። ብቻሽን አትምጪ።

ለ45 ቀኑ ክትባት ስትሄጂ ኪሎውን አስመዝኚና ካርዱ ላይ አስጽፊ። ለጥቂት ቀናት የሚያለቅስበትን ሰዓት በስልክሽ ያዢ፤ ከአንቺ ቃል ይልቅ ያንን ስናይ ቶሎ እንግባባለን። ኪሎው ካልጨመረ፣ ወይም ልጁ 4 ወር ሞልቶት ለቅሶው ካልቀነሰ፣ ኮሊክ ነው የሚለውን ትተን እንደገና ከመጀመሪያው እንመረምረዋለን።